የዓሦቹ ድርሻ

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ልታከም ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከግድግዳው ሥር ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ የመስታወት ሣጥን አየሁ። የተለጠፈበትን ጽሑፍ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አነበበችልኝ፤ «ዓሦቹን መመገብ ክልክል ነው» ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ብትጠይቀኝ ኖሮ ቡታጅራ ድረስ ይዣት እሄድ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከድር በወልቂጤ በኩል ለመንገድ ሥራ ተወስዶ፣ ድንጋይ ተንዶ እግሩን ሰበረውና በበቅሎ ጭነው አመጡልን። እኔ ያኔ ለትዳር የደረስኩ ኮረዳ ነበርኩ። ያ ሳቂታ ከድር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውል፣ የቀረበለትን ምግብ ነካ አድርጎ የሚተው ሰው ሆነ። እናታችንን ከእግሩ ይልቅ ያስጨነቃት ይኸው አለመብላቱ ነበር።

አንድ ቀን፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ ቤት ውስጥ ዓሣ ላኑር አለ። እዚያ መንገድ ሥራ ላይ አንድ ጣሊያን በብርጭቆ ማሰሮ ዓሣ ሲያኖር አይቶ ኖሯል። ከተቃጠለ ካሚዮን የተረፈ መስታወት ጓደኛው አመጣለት። ከድር በእንጨት አቅፎ፣ መጋጠሚያውን በሬንጅ ደፈነው። መጀመሪያ ሣጥኑ አፍስሶ መደቡን አራሰው፤ ከድር ፈታቶ እንደገና ሠራው። ሬንጁ እንዳይመርዛቸው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ውኃ እየሞላ አስደፋኝ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ አላየሁም። ከዚያ እኔ መቂ ወንዝ ወርጄ፣ ጣት የሚያህሉ ዓሦች በቅርጫት አጥምጄ በእንስራ አመጣሁለት። ሌላም የወንዝ ውኃ የሞላ እንስራ ምንጊዜም ከአጠገቡ እንዲቀመጥ አዘዘኝ።

ከቆሼ በርበሬ ጭነው ለገበያ የሚመጡት ሳይቀሩ ሊያዩ ጎራ ይሉ ጀመር።

«ልትበላው ነው?» ይሉታል።

«ላየው ነው» ይላል ከድር። ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

አረፋ ደረሰ። በእኛ ዘንድ አረፋን የሚያህል በዓል የለም። ከብቶቻችንን ወታደር ስለነዳብን ቅቤ ብርቅ ሆኖ ነበር፤ እናቴ ግን ያኖረቻትን አውጥታ ቡላውን በቅቤ አራሰችው። ለሁላችን አቅርባ ስትጨርስ የተረፈውን ይዛ ወደ ዓሦቹ አመራች።

«እማ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«በአረፋ ቀን ከዚህ ቤት ሳይቀምስ የሚውል አለ እንዴ? ቢስሚላሂ!» ብላ ገለበጠችው።

ውኃው ወተት መሰለ፤ ቅቤው ላዩን እንደ ክዳን ሸፈነው። ጥቂት ቆይቶ ዓሦቹ አየር አጥሯቸው አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ወጡ።

እናቴ ደስታዋ! «እይ፣ ጨምሪልን እያሉኝ እኮ ነው!»

ልጮህ ስል ከድር በዓይኑ ገታኝ። በእሱ ቦታ ብሆን ቤቱን በጩኸት አናጋው ነበር። እሱ ግን ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ «አልሀምዱሊላህ፣ ጠገቡ እማ። ዙሁር ደረሰ፣ አትሰግጂም?» አላት።

ጓዳ ስትገባ እየተጎተተ ደረሰ። ዓሦቹን በቅል እየጨለፈ ወደ እንስራው አሻገራቸው። እኔ የቆሸሸውን ውኃ ቀድቼ ደፋሁ፣ መስታወቱን በሙቅ ውኃ አጠብኩ፣ ዓሦቹን ከነንጹሑ ውኃ መለስናቸው። እናቴ ሰላቷን የምታስረዝም ሴት መሆኗ በጀን። ትልቁ ዓሣ ግን ሞተ፤ ከድር ጋቢው ውስጥ ሸሸገው።

«ማሻአላህ! ውኃው እንኳ ጠራ!» አለች ስትመለስ። «ትልቁስ?»

«ከድንጋዩ ሥር ተኝቷል። ጠግቦ ነው» አላት። ቀጠለና፣ «ከእንግዲህ ድርሻቸውን ለእኔ ስጪኝ፤ እኔ ላቅርብላቸው።»

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እናቴ የዓሦቹን ቡላ ለከድር ትሰጠዋለች። እሱም ዞር ስትል ራሱ ይበላላቸዋል። ቆይቶ ያለ በዓልም ትሰጠው ጀመር። ዓሦቹ ሲዋኙ፣ ከድር ሲወፍር አየሁ።

አሁን ሁለቱም በሕይወት የሉም። ከድር እናቱን እንዴት እንዳላሳፈራት ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞላል፤ ዕድሜዬን ሁሉ የማደንቀው እሱን ብቻ ነበር። እናቴ የነበረችበትን ዕድሜ ካለፍኩ በኋላ ግን ያ የዓሦቹ ድርሻ ትዝ ይለኛል። ከዓመት ዓመት እየተለቀ ሄዶ የእኛን አስከንድቶ ነበር። ጣት ለሚያህል ዓሣ ሙሉ ጣባ ቡላ የምታቀርብ ሴት፣ ማን እንደሚበላው ሳታውቅ ቀርታ አይመስለኝም።