አማቴን የጠረጠርኩባቸው ዓመታት

ሞላሌ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት እዚያው አገባሁ። ብዙም ሳንቆይ ባለቤቴ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና ከእናቱ ጋር ሁለታችን ቀረን። አማቴ ለልጃቸው አስበዋት የነበረችው ሌላ ሴት እንደሆነች ሰው ነግሮኛል። እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሱብኝም። መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ ይኸው ዝምታቸው ነው።

በዚያው ዓመት የዋጥኩት ሁሉ ደረቴ ላይ ይቆም ጀመር። ውሃ ብጠጣበት ውሃው ራሱ ይመለሳል። ጎንበስ ብዬ ምራቄን እየተፋሁ እስኪወርድልኝ እጠብቃለሁ። አማቴ ጀርባዬን ሊያሹልኝ ሲመጡ እሸሻቸዋለሁ።

ቆይቼ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በሁዳዴ ሽሮውንም ቂጣውንም እንደ ልቤ እውጣለሁ፤ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሕመሙ ይመለስብኛል። በጾም ፈጣሪን ፈርተው ይተዉኛል፣ ሲፈታ ደግሞ የሆነ ነገር ይጨምሩብኛል ብዬ ደመደምኩ። እርጎውን ቀድተው የሚሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ደብቄ ለውሻው ሰጠሁትና ሦስት ቀን ተከታተልኩት። ምንም አልሆነም። ለሰው የታሰበ እንስሳን አይነካም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በመጨረሻ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። ምክንያቱን ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነገርኳት።

ሕመሙ ግን አለቀቀኝም፤ ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ አንዲት ሐኪም ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ አስገብታ አየችኝ፤ ትንሽ ሥጋ ቆርጣም አስመረመረች። ከበሽታ የሚጠብቁኝ ነጭ የደም ሴሎች ወተትን እንደ ጠላት ቆጥረው የምግብ ቧንቧዬን አስቆጥተውታል፣ በዚህም ጠቧል አለችኝ። መርዝ ይሆን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ማንም አልነካዎትም፤ ያጠቃዎት የራስዎ መከላከያ ነው» አለች።

በሳምንቱ ሞላሌ ሄጄ ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የውሻውን ሳይቀር። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ወደ ድምፄ ዞረው አዳመጡኝ።

«ከወጣሽ ወዲህ የማኅበር ተራዬ ሲደርስ ከእጄ የሚቀምስ የለም» አሉ። «ያኔ ብትጠይቂኝ ኖሮ ምን ነበረበት?»

ይቅርታ ስለምናቸው እጄን ያዙ። በማግስቱ በየማኅበርተኞቹ ቤት እየዞርኩ ሐኪሟ ያለችኝን አስረዳሁ። ሁለቱ አመኑኝ። ሌሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ አማቴ ምን አድርገው እንዳፈዘዙኝ ይመረምሩ ይመስል ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ።