የመምህር ትዕዛዙ ቴፕና የእናቱ ጆሮ

መምህር ትዕዛዙ እንጅባራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ዕቃ ጠግኖ አያውቅም። ይህን ሌላ ሰው ቢለው ይቆጣ ይሆናል፤ በመምህራን ክበብ ሻይ ይዞ የሚያወራው ግን ራሱ ነው። የሚስቱን የዘውድነሽን ካውያ አሻሽላለሁ ብሎ ከፈታ በኋላ መልሶ ሲገጥመው አራት ብሎን ተርፎት፣ ብሎኖቹን በኪሱ ደብቆ ሳምንት ሙሉ ሲዞር እንደከረመና ዘውድነሽ ሱሪውን ስታጥብ እንዳገኘቻቸው ሲያወራ፣ ከሁሉ በላይ የሚስቀው እሱ ነው። እዚህች የመኪና ቴፕ ነገር ላይ ሲደርስ ግን መጀመሪያ ስቆ፣ መጨረሻው ላይ ሻዩን አስቀምጦ ይነሳል።

እናቱ ወይዘሮ ውቢት ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብላ ባለች መንደር ይኖራሉ። አማርኛ ለገበያና ለእንግዳ ነው፤ የቤታቸው ነገር ሁሉ በአዊኛ ነው። ጆሯቸው ከደከመ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ታናሽ እህቱ ፋና ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ለማንም ሳትናገር፣ እናቷን እንኳ ሳትሰናበት ወጥታ ሄዳ፣ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። በየሳምንቱ ለእናቷ የድምፅ መልእክት በትዕዛዙ ስልክ ትልካለች። እሱም በየእሑዱ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። የስልኩ ድምፅ ግን ቀጭን ነው፤ ወይዘሮ ውቢት ጆሯቸው ላይ ቢለጥፉትም አንድ ቃል አይለዩም። ስለዚህ ትዕዛዙ መጀመሪያ ለብቻው ያዳምጥና ጆሯቸው ሥር ሆኖ ይጮሃል።

ጩኸቱ ሦስተኛው ግቢ ድረስ ይሰማል። የእናቱ ጎረቤት ጋሽ ቢሻው አጥር ላይ ተደግፎ ጆሮውን አቁሞ እያዳመጠ፣ እህቱ የሆዷን ዘርግፋ የላከችውን የአሥር ደቂቃ ወሬ እንዴት አድርጎ ይጩኸው? ደግሞም መምህር ነው፤ የመጽሐፉን ምዕራፍ በግማሽ ሰሌዳ አሳጥሮ መስጠት ልማዱ ነው። እናም በየሳምንቱ የሚጮኸው አንድ ነገር ሆነ፤ «ደህና ነኝ ትላለች!»

«ሌላ ነገር የላትም?» ይሉታል እናቱ።

ሥራ በዝቶባት ነው ብሎ ይመልሳል። እሳቸውም ልጅቱ አገር ስትለቅ አንጀቷም አብሮ ደረቀ ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። ለፋና ደግሞ «እማ ደህና ናት» ብሎ ይልክላታል። ክፉ ነገር እየሠራ መሆኑ ለአንድም ቀን አልታየውም። ጉሮሮውን እያዳነ ነበር የመሰለው።

አንድ የማርያም ዕለት እናቱን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርስ በአሮጌ መኪናው ሲወስዳቸው፣ መዝሙር ያለበት ካሴት ቴፑ ውስጥ ገብቶ ይዞር ነበር። ወይዘሮ ውቢት ድንገት ከዘማሪው ጋር አብረው ማዜም ጀመሩ። ትዕዛዙ ደንግጦ መኪናውን ዳር አስያዘ። ከአራቱም በር የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ለጆሯቸው ደርሶ ኖሯል።

«ይኼን እሰማዋለሁ» አሉት። «ፋናንም እዚህ ውስጥ አስገባልኝ። አንተ ስትነግረኝ የሷ አይመስለኝም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ችግሩ ቴፑ ነው። መኪናዋ ከጃፓን ስትመጣ ይዛው የመጣችው ሲሆን፣ ከካሴትና ከሬዲዮ በስተቀር ምንም አያውቅም። ሬዲዮውም የጃፓንን ጣቢያ ሲፈልግ የሚውል ነው። ስልክ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ዘውድነሽ አዲስ ቴፕ ግዛ፣ ካልሆነም አንዲት ትንሽ ስፒከር ይዘህ ሂድ ብላ መከረችው። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ያስተማረ ሰው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር መነገሩ አስከፋው። ቀዳዳውን እኔ አበጅለታለሁ አላት። እሷም ኪሱን አየት አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤት ባመጣው ጠመኔ የግቢው በር ላይ ሥዕሉን ሳለ። ሥዕሉ ቆንጆ ነበር፤ በዕለቱ ከተሠራው ሁሉ ያላሳፈረው እሱ ብቻ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ድምፅ መጨረሻ ላይ የሚወጣው በስፒከሩ ነው፤ ታዲያ መሐል ያለውን ሁሉ ማስቸገር ለምን? የስልኩን ገመድ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ማሰር ነው። ከመሪው ጎን ያለውን ክሩስኮት ፈትቶ ቴፑን ከነሽቦው ወደ ውጭ ጎትቶ፣ ገመዱን ቆርጦ አሰረና ስልኩን ከፈተ። ምንም የለም። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ከሩቅ ትንኝ የመሰለ ነገር ሰማ።

የዘለለው ቴፑ ውስጥ ሆኖ ድምፁን የሚያጎላውን ማጉያ ነበር። በየዓመቱ አንድ ሙሉ ሳምንት የሚያስተምረውን፣ ፈተናም የሚያወጣበትን ማጉያ። ተማሪ ይህን ቢጽፍለት ዜሮ ሰጥቶ፣ ዜሮዋን ሁለት ጊዜ ያከብባት ነበር። ከንዴቱ የተነሳ ሽቦዎቹን ሲያገላብጥ ሁለቱ ተነካኩና ጠቅ አለ። ፊውዙ ሲቃጠል ቴፑ ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ ሰዓትም የውስጥ መብራትም አብረው ሄዱ። ዘውድነሽ ወጥታ አየችና የተረፈ ብሎን እንዳለ መሬቱን ፈትሻ ተመለሰች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ዳንግላ ውስጥ ስልክ የምትጠግን ፀደይ የምትባል ሴት እንዳለች ሰምቶ፣ ቴፑ ሆድ ዕቃው እንደተዘረገፈ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ። መንገዱ በአዲስ ቅዳም ያልፋል። የከሰል ጆንያ ተደርድሮ የሚሸጥበት መንገድ ዳር ያገሩ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ትዕዛዙ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ እሱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን መኪና እየነዳ፣ ራሱን ደብቆ አለፈ።

ፀደይ መነጽሯን አድርጋ ስታይ እሱ ስለ ሞገድ ማብራሪያ ጀመረ። እስኪጨርስ በትህትና ጠበቀችው።

«ልክ ነው መምህር» አለችው። «ግን ድምፁ ማጉያው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው መግባት ያለበት። እርስዎ ካለፈ በኋላ ነው ያስገቡት።»

እሱም የተማሪ መልስ እንደሚያርም ሰው «ልክ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ቴፑን ከፍታ፣ የካሴቱ ድምፅ ወደ ማጉያው የሚሄድበትን መንገድ ፈልጋ፣ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ በየደች። ከቴፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ በስታ የስልክ መሰኪያ ገጠመችለት። ካሴት ካልዞረ ቴፑ ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህ አንድ አሮጌ ካሴት ፈታ ክሩን በሙሉ አወጣችና ባዶውን አስገባችው። ባዶው ካሴት በከንቱ ሲዞር ቴፑ ካሴት የሚያጫውት እየመሰለው የስልኩን ድምፅ ያወጣል። ፊውዙንም ቀየረች። ፊዚክስ የት ተማርሽ ሲላት፣ ፊዚክስ ላይ ደካማ ነበርኩ አለችው።

በማግስቱ እሑድ እናቱ ደጅ ክላክስ እየነፋ ገባ። ወይዘሮ ውቢትን ከፊት ወንበር አስቀመጠ፤ ጋሽ ቢሻውም ጥሪ ሳይጠብቅ መጥቶ በሩን ይዞ ቆመ። ትዕዛዙ ስለ ማጉያ አጭር ንግግር አደረገ፤ ፀደይን አላነሳትም። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ራሱን ይረግማል፤ ቀዳዳውን ሲያስበስት፣ ሽቦውን ሲያስበይድ፣ መልእክቱ ውስጥ ምን እንዳለ አንዴ እንኳ አላሰበም። የመጨረሻውን ከፈተ።

የፋና ድምፅ መኪናዋን ሞላው። እናቱ ክሩስኮቱን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እማ፣ ደህና ነኝ። አሁንም አልመለስሽልኝም። ሳልሰናበትሽ በመውጣቴ ቂም ይዘሽብኛል? በየሳምንቱ እጠይቅሻለሁ፤ ትዕዛዙ ደህና ናት ብቻ ይለኛል። ተቀይመሽኝ ከሆነም ተቀይሜሻለሁ በይኝና ልወቀው።»

ትዕዛዙ ድምፁን ሊቀንስ እጁን ዘረጋ፤ እናቱ እጁን መለሱት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ጋሽ ቢሻው እንኳ በሩን ለቆ፣ የሚያየው ነገር ያለ ይመስል ወደ አጥሩ ሄደ።

«ስንት ጊዜ ጠይቃኛለች?» አሉ ወይዘሮ ውቢት።

በጣቱ ሦስት አሳያቸው። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እማ» ሲል ድምፁ ከራሱ ጆሮ አላለፈም፤ እሳቸው ግን ጣቱን አይተዋል፤ ፋና ከሄደች ስንት ዓመት እንደሆነም ያውቃሉ። አልተቆጡም። ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉና ለሱ መናገር ጀመሩ። ትዕዛዙ ይህ ዕቃ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም ብሎ ሊያስረዳ አሰበና ተወው። ስልኩን ነቅሎ አፋቸው ሥር ያዘላቸው።

«ፋና፣ የሄድሽ ዕለት ነቅቼ ነበር» አሉ በአዊኛ። «ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ስትወጪ አየሁሽ። ብጠራሽ እንደምትቀሪ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት። ምን ቂም አለኝ።»

ትዕዛዙ እንዳለ ላከው። እናቱ ቀና ብለው ወንበሩን ተደገፉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና የቀረውንም ክፈት፣ ከመጀመሪያው ጀምር አሉት። እሱም ስልኩን መልሶ ሰክቶ ከሦስት ዓመት በፊት ወደመጣችው መልእክት ወረደና ከፈታት። ምን እንደምትል አላስታወሰም፤ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ እንደ አዲስ ሰማት።