ቀይ ክር የታሰረበት ስንደዶ

በዱባይ ሞሎች ውስጥ ሁሉም ነገር ሽቶ ሽቶ ይሸታል፤ የልጆች ጫማ መሸጫው ብቻ አዲስ ላስቲክ ይሸታል። ዓርብ ከሰዓት የማዳምን ልጆች ይዤ እዚያ በር ላይ ስደርስ፣ የስድስት ዓመቷ ሂንድ እጄን እየጎተተች፣ ታናሽ ወንድሟ ሰይፍ በምገፋው ጋሪ ላይ እግሩን እያወዛወዘ፣ እኔ ለአፍታ ከሁለቱም ጋር አልሆንም፤ ቢቸና ከቤታችን ደጃፍ ቆሜ አባቴ ከሞጣ ይዞት የመጣውን ፌስታል ሲፈታ አያለሁ።

አባቴ ሞጣ ተወልዶ ቢቸና ያገባ ሰው ነው። ቢቸና ላይ ጫማ ጠፍቶ አያውቅም፤ እሱ ግን ከሞጣ ያልተገዛ ጫማ አይበረክትም ብሎ ያምን ስለነበር፣ አዝመራ ተሰብስቦ ዘመድ ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር የእኛን ኮንጎ ጫማ የሚገዛው ከዚያ ነበር። ሁለቱም ያው ላስቲክ እንደሆኑ፣ ምናልባትም በአንድ መኪና ተጭነው ግማሹ ቢቸና ግማሹ ሞጣ እንደወረደ እናቴ ብትነግረው፣ "የሞጣው ሌላ ነው" ከማለት በቀር ማስረጃ አያቀርብም። ከመሄዱ በፊት በተራ በተራ ደጃፉ ላይ ያቆመንና እናቴ ለስፌት ካስቀመጠችው ስንደዶ አንድ አንድ እየመዘዘ ከእግራችን ሥር ያጋድመዋል፤ ከጣታችን ጫፍ አሳልፎ የራሱን አውራ ጣት ወርድ ለእድገት ይጨምርና በጥፍሩ ይቆርጠዋል። የማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋው ክር ያስርበታል። የእኔ ቀይ ነበር። ከዚያ ሁሉንም በኮቱ የውስጥ ኪስ አድርጎ፣ አውቶቡስ ላይ ሰው ተደግፎ እንዳይሰብርበት ደረቱን በእጁ ሸፍኖ ይሄዳል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከዚህ ልኬት አይቀሩም ነበር። "እናንተ፣ የዚች ልጅ እግር እኮ ቀድሟት ነው የሚያድግ" ይላሉ፤ "ስታገባ ባሏ ጫማዋን ተውሶ ገበያ ይወጣበታል።" ሁሉም ይስቃል። ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም፤ እኔ ግን ሰው ሲያየኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የምመርጥ ልጅ ነበርኩና፣ አንድ ዓመት ስንደዶው ከእግሬ ሥር ሲገባ ጣቶቼን እጥፍ አድርጌ ሰበሰብኳቸው። አባቴ በእትዬ ዘነቡ ቀልድ እየሳቀ ስለነበር አላየም።

ከሞጣ የመጣው ኮንጎ ተረከዜን አላስገባ አለ። ግማሽ እግሬ ውጭ ቀርቶ እያለ፣ "ልኬ ነው" አልኩ ቀስ ብዬ። አባቴ አየኝና በርከክ ብሎ እግሬን መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

"እስቲ ጣትሽን ዘርጊ።"

ዘረጋሁ። እትዬ ዘነቡ እንደ ልማዳቸው ሊናገሩ ሲሉ እሱ ቀደማቸው፤ "ስንደዶ ይዋሻል፤ አሁን እግሩን ራሱን ይዤው ነው የምሄድ" አለ። እንዳለውም በሳምንቱ ከአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ሙዝ ገዝቶ እያበላ፣ ሞጣ ድረስ ወሰደኝ። ባለሱቁ የሚያመጣውን ሁሉ እያጠለቀልኝ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ "ጠበበሽ?" ይለኛል። በሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ "አዎ፣ ጠበበኝ" ያልኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ አላልኩም።

አሁን ቢቸና ከአባቴና ከእናቴ ጋር የምትኖር ልጅ አለችኝ፤ ሶልያና ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ ነው የወለድኳት። አባቷ ብዙም አልቆየ፤ ሥራውም አልመጣ፤ ዲግሪዬን ሳጥን ውስጥ ትቼ ስወጣ እሷ ገና ግድግዳ ይዛ የምትቆም ነበረች። ደላላው "ልጅ አለኝ እንዳትዪ፣ እናት የሆነችውን አይወስዱም" አለኝ። አላልኩም። እስከ ዛሬም ማዳም ቤት አላልኩም።

አንድ ጊዜ ከአገር የመጣች ልጅ ከቤት ከተላከልኝ በርበሬ መሃል አንድ ስንደዶ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ቀይ ክር ታስሮበታል። ጉዞዋ ሲጓተት ስንደዶውም ከእሷ ጋር ወራት ቆይቷል። ጫማ እኮ ቁጥር አለው ብዬ አባቴን በስልክ ብነግረው፣ "ቁጥሩን የጻፈው ሰውዬ የሶልያናን እግር አይቶታል?" አለኝ።

ስንደዶው እጄ በገባ ሳምንት ዓርብ፣ ሻጩ ለሂንድ የእግር መለኪያውን ሲያመጣ፣ አያስፈልግም ብዬ ቁጥሯን በቃሌ ነገርኩት። በየቀኑ የማጥበው እግር ነው፤ ጫማ የቱ ጣቷ ላይ እንደሚጫናት ሁሉ አውቃለሁ። አጥልቄላት ጫፉን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ "ጣትሽን ዘርጊ" ስላት የገዛ ድምፄን ሰማሁትና ፊቴ ጋለ። እሷ መስታወቱ ፊት ስትዘል እኔ ስንደዶውን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ሰው እንዳያየኝ ወደ መደርደሪያው ዞሬ፣ አንድ ቀይ ጫማ ውስጥ ከተትኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሂንድ ከኋላዬ።

"ሣር ነው።"

"ሣር ጫማ ያደርጋል?"

ሻጩ ሳቀ። "የእህቴ ልጅ እግር ልክ ነው" አልኳት። እህት የለኝም።

ስንደዶውን ተቀበለችኝና የራሷን እግር ላዩ ላይ አሳረፈችበት። "ከእኔ ታንሳለች። እናቷ ለምን አትገዛላትም?"

"እናቷ ሩቅ ናት።"

ሻጩ የስንት ዓመት ልጅ እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ዕድሜዋን አውቀዋለሁ። እግሯን ግን አላውቀውም። አባቴ አውራ ጣቱን የጨመረው እሱ ለክቶ እሱ ለሚገዛው ጫማ ነበር፤ ስንደዶው በሰው ሻንጣ ለከረመበት፣ ጫማውም መልሶ ለሚከርምበት ስንት እንደሚጨመር ማን ይነግረኛል? የእኔ አውራ ጣት ደግሞ ከእሱ ቀጭን ናት። አንዴ ጨመርኩ፣ ፈራሁና ደገምኩ። የሰው ልጅ እግር በቃሌ፣ የልጄን በግምት ገዝቼ፣ ሂንድን በአንድ እጄ ይዤ፣ ጋሪውን እየገፋሁ ወጣሁ።

ጫማው ቢቸና የደረሰ ዕለት ደወሉልኝ። ስልኩን ለእሷ ሰጧት።

"ልክሽ ሆነ ወይ?" አልኳት።

"ልኬ ነው፣ እትዬ" አለችኝ። እማዬ የምትለው እናቴን ነው፤ እኔን እትዬ ትለኛለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከእኔ የወሰደችው ነገር ይሄ መሆኑን ከዚህ ሁሉ ርቀት ሰማሁት።

አባቴም ሳያውቀው አልቀረም። በርከክ ሲል ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀጥሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ "እስቲ ጣትሽን ዘርጊ" አላት።