«ሁለተኛ» የምትለው ቃል

ሲወስዱኝ እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። ሁለት ታጣቂዎች ክፍሉ በር ላይ ቆመው «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግህ ነበር» አሉኝ። ያኔ ለአምስት ደቂቃ የተፈለገ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ አሶሳ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሰሌዳውን እንኳ ሳላጠፋ ወጣሁ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። ቢሮዎቹ ወንበር አልተሟላላቸውም፤ ለእስረኛ ግን ቤት አልጠፋም። ያጎሩን የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ቀን ቀን ይነድዳል፤ ወለሉ የሻገተ ማሽላ ይሸታል። «መምህራንን ሰብስበህ በአዲሱ አስተዳደር ላይ አሳድመሃል» አሉኝ። ስብሰባ መኖሩን እኔም የሰማሁት ከሰው ነው፤ በዚያ ሰሞን ወባ ጥሎኝ አልጋ ላይ ነበርኩ። ይህንኑ ስናገር ከረምኩ። ሰሚ የለም። በኋላ መናገሩም ሰለቸኝ።

አጠገቤ የሚተኛው የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ የመንጌ ከተማ ነጋዴ። ቀኑ አልገፋ ሲለን «ኡስታዝ፣ እንግሊዝኛ አስተምረኝ» አለኝ። ድንበር ላይ ካለው ኩርሙክ ገበያ የለቃቀማት ትንሽ እንግሊዝኛ ነበረችው፤ ስህተቱ ግን ቁርጥ የተማሪዎቼ ነው።

«ሪተርን ባክ አትበል» አልኩት። «ሪተርን ብቻውን ተመለሰ ማለት ነው። ባክ ትርፍ ነው።»

«ሪፒት አጌን የሚለውስ?»

«ሪፒት ካልክ ደግመሃል። አጌንም ትርፍ ነው።»

ትንሽ አሰበና «ሥራ የለውም፣ ታዲያ ለምን ይበላል?» አለ። ከገባሁ ወዲህ ገና ያኔ ሳቅኩ።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ክፉም አይደለም። በእጁ የጻፈውን ወረቀት ገፋልኝ፦ «ሁለተኛ ስብሰባ እንደማልጠራ ቃል እገባለሁ።»

«ፈርምና ቤትህ ግባ» አለኝ።

በመስኮቱ ባለቤቴ ትታየኛለች። ምሳ ይዛ ፀሐይ ላይ ቆማለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መፈረም ፈልጌ ነበር። እስክሪብቶውን አንስቼ ሳነበው ግን እጄ «ሁለተኛ» ላይ ቆመ። ሁለተኛ አልጠራም ካልኩ የመጀመሪያውን ጠርቻለሁ ማለት ነው። የተማሪ ደብተር እንደማርም ቃሏን በአንድ መስመር ሰረዝኳትና ከታች ፈረምኩ።

«ምን አደረግህ፣ መምህር?»

«ትርፍ ቃል ነው።»

«አንድ ቃል እኮ ናት። ለአንድ ቃል ብለህ ልትቀር ነው?» እሱንም የደከመው ይመስላል።

«ስብሰባ አልጠራም ብዬ ፈርሜልሃለሁ። የፈለግከው እሱን ከሆነ ይኸው።»

ወረቀቱን ቀደደው። ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ ባለቤቴ ምሳውን ለዘበኛው ሰጥታ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት። ምግቡ ሲደርሰኝ ምን አለበት ፈርሜ ብገላገል እያልኩ ራሴን ረገምኩ። ነጋዴው የሆነውን ስነግረው «ኸይር ነው፣ ኡስታዝ» ብሎ ንፋስ በምትገባበት ስንጥቅ በኩል ያለውን ቦታውን ለቀቀልኝ።

ከወራት በኋላ ምንም ሳያስፈርሙኝ ለቀቁኝ። ለምን እንዳሰሩኝም ለምን እንደፈቱኝም የነገረኝ የለም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የልጅ ልጄ ዕቃ ተሰብሮ ሲቆጧት እንደ ልጅ ሁሉ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ትላለች። ቤተሰቡ ይህን ከሰማ ይበቃዋል፣ ይምራታል። እኔ ግን አጠገቤ አስቀምጬ «ቆይ፣ የመጀመሪያውንስ የሰበርሽው አንቺ ነሽ?» እላታለሁ።

አንዳንድ ቀን እሷ አይደለችም።