እትዬ ከንፈር ያመለጣቸው ወሬ

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ጩኸት ላልሰማው ሰው ቢነግሩት አይገባውም። ማሽኖቹ ከተነሱ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሴቶች ድምፅ ሳያወጡ በከንፈር ብቻ ማውራት ለመዱ፤ ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ የባል እሮሮውም በዚያው ያልቃል። በዚህ ሙያ ግን እትዬ ከንፈርን የሚያክል አልነበረም። ስሙንም ያወጡላቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። ከመንገድ ማዶ ቆሞ ያማቸው ሰው ካለ፣ ተሻግረው የእጁን ሰጥተውት ይመለሳሉ።

ማሽኑ ታዲያ ጆሯቸውን ቀስ በቀስ በላው። ጡረታ ሲወጡ ከነጎድጓድ በቀር የሚሰሙት እምብዛም አልነበረም። ቤተሰቡ ይህን አላወቀም፤ እሳቸውም አልተናገሩም፤ ምን ጎደለባቸውና! ያን ጊዜ ሰው ሲያወራ ፊት ለፊት ይተያይ ነበር። ባለሱቁ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይከራከራቸዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ መንገደኛ ዞር ብሎ ያልጠየቁትን የቤቱን ገመና ይዘከዝክላቸዋል። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ራት ላይ አፋቸው ሞልቶም ቢሆን ማውራት አይተዉም ነበር፤ እርግጥ የሞላ አፍ ማንበብ ትንሽ ያስቸግር ነበር። ልጃቸውም ድሮ፣ እሳቸው ገና ሥራ ላይ ሳሉ፣ በሕፃንነቱ አገጫቸውን ይዞ ወደ ራሱ ካላዞረ ወሬ አይጀምርም ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም አንገቱን ደፋ። እትዬ ከንፈር የሚያዩት አናትና ግንባር ብቻ ሆነ፤ ግንባር ደግሞ አይነበብም። ገበታ ላይ ተቀምጠው ከአንዱ አናት ወደ ሌላው ይዞራሉ። ምራታቸው ፈገግ ባለች ቁጥር ልጃቸው የሆነ ነገር ብሎ ያሳቃት ይመስላቸዋል። ጨዋታው ደርቷል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ ይላሉ በልባቸው። ያ የራት ሰዓት ወሬ እንዴት እንደናፈቃቸው! አንዳንዴ ሆድ ይብሳቸውና ሳይጠግቡ ጠግቤያለሁ ብለው ይነሳሉ።

ከኋላቸው ሲጠሯቸው ዝም ማለታቸው ሲደጋገም ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙ መረመራቸውና ይህ የትናንት ነገር አይደለም፣ ሃያ ዓመት ያልፈዋል አለ። ልጅየው ግራ ገባው። ፊታቸው መጥቶ ቆመና ጠየቃቸው።

«እማዬ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ትሰሚን ነበር?»

«አይ ልጄ፣ እያየኋችሁ ነዋ።»

ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ ተገዛላቸው። የዚያን ዕለት ማታ እትዬ ከንፈር እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ደህና ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከሁሉም ቀድመው ገበታ ቀረቡ። የማንኪያው ኳኳታ ተሰማቸው። የማቀዝቀዣው እምም የሚል ድምፅ ተሰማቸው። ከጎረቤት ቤት ቧንቧ ተከፍቶ ሲዘጋ ሁሉ ተሰማቸው። የልጅ ልጃቸው አቀርቅራ ፈገግ አለች፤ አሁን መጣ ብለው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ምንም የለም። መሣሪያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አይሠራም መሰለኝ። ማንኪያውን ያሰማኛል፣ የእናንተን ወሬ ግን አላሰማኝም።»

ልጃቸው ከስልኩ ቀና ሳይል መለሰ።

«ይሠራል እማዬ። ማንም ምንም አላለም እኮ።»

ፊቱን አላዩትም፤ ቃሉ ግን አንድም ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማቸው።