አያ ሞላ የደፈኑት ክፍተት

በ1963 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰቆጣ መግቢያ የተከራየኋት በቅሎ ተደናቅፋ መቅረጸ ድምፄን ጣለችው። በቅሎዋ አልተጎዳችም። ነገሩን እስከ ዛሬ የማልረሳው ሊቀዳበት በታሰበው ድምፅ ምክንያት ነው።

ያን ጊዜ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ከመነሳቴ በፊት ሆስፒታል ውስጥ አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ወጣት አግኝቼ ነበር። ቀኝ እግሩ ተቆርጧል። ሐኪሞቹ ቢያሰናብቱትም ከአልጋዬ አልነሳም፣ አገሬም አልገባም ብሏል። እናቱ በቄስ እያስጻፉ "ና" ይሉታል።

"የቄሱ ቃል ነው፤ እናቴ እንዲህ አትናገርም" አለኝ።

"እንግዲያ ድምፃቸውን ላምጣልህ" አልኩት።

የምመለስበት የጭነት መኪና የሚነሳው በማግስቱ ማለዳ ነው። የመሣሪያውን ክዳን ፈትቼ አየሁ። የመዳብ መስመሮች ከታተሙበት ሰሌዳ ላይ አንዲት ሽቦ ተነቅላለች። የብየዳ እርሳስ የሚገኘው አንጥረኛው አያ ሞላ ዘንድ ብቻ ነው ተባልኩ። መስቀልና የአንገት ጌጥ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ይቺን ሽቦ ይበይዱልኝ" ብዬ የልጁን እናት፣ ወይዘሮ ብርነሽን፣ ልጠራ ሄድኩ።

ስንመለስ ሰሌዳው እንደ አዲስ ብር ያበራል። ሽቦዋ በሚገባ ተይዛለች። አያ ሞላ ግን በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በእርሳስ ደፍነውታል።

"ተሰነጣጥቆ ነበር። የሠራው ሰው ቸኩሏል" አሉኝ።

"አያ ሞላ፣ ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ኤሌክትሪኩ ከመንገዱ እንዳይወጣ ነው።"

"ክፍት ሥራ አስረክቤ ሰው ምን ይለኛል?"

ወይዘሮ ብርነሽ ጎንበስ ብለው አዩት። "መስቀል መሰለህ እንዴ ሞላ? ልጄ አንገቱ ላይ ሊያስረው ነው?"

ማንም አልሳቀም።

ባለሙያዎች ሲሠሩ ያየሁትን ለአያ ሞላ ነገርኳቸው። ሰሌዳው ብዙ እሳት አይችልም፣ መዳቡ ይላቀቃል። ትርፉን እርሳስ የተጎነጎነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይመጥጠዋል። አያ ሞላ ሽቦ ጎነጎኑ፣ ከአበርገሌ የመጣ እጣን ወቅጠው ነሰነሱበት፣ እርሳሱ በእሱ ይታዘዛል አሉ። እኔ መስመሩን በእንጨት ስንጥር አሳያለሁ፣ እሳቸው በጋለ ብረት ያነሳሉ። አንድ ክፍተት በተከፈተ ቁጥር ፊታቸው ይከፋል።

አመሻሹ ላይ ባትሪውን መለስኩ። መንኮራኩሮቹ ዞሩ። "አንድ፣ ሁለት" ብዬ ቀዳሁ፤ መልሶ አሰማኝ።

ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው መሣሪያው ፊት ተቀመጡ። በአገውኛ ተናገሩ። አንድም ቃል አልገባኝም። አያ ሞላ ፊታቸውን ወደ ከሰሉ አዞሩ።

ሲጨርሱ አያ ሞላን "ምን አሉት?" አልኳቸው።

"ላንተ አልተላከም" አሉ አያ ሞላ። "አድርስ።"

አዲስ አበባ ገብቼ ለልጁ አሰማሁት። ድምፁ ቀጥኗል፣ መሃል ላይም ይንጫጫል። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

"እሷ ናት። ድገምልኝ" አለ።

ደገምኩለት። ምን እንዳሉት ጠየቅሁት፤ አልመለሰልኝም። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ አልጻፍኩትም፣ ዛሬም አላውቀውም።

ቴፑ ሲያልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ነርሷን የግራ እግር ጫማውን እንድታቀብለው ጠየቃት።