የጎደለችው ካርድ

ልጄ ነርስ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ በሽተኛ ስታነሣና ስታገላብጥ ኖራለች። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ሰውዬ ከአልጋው ሲንሸራተት ደግፋ ያዘችው፤ ሰውዬው አልወደቀም፣ የእሷ ወገብ ግን ቀጭ አለ። ብዙ ወር ተኝታ ስትነሣ ሐኪሞቹ ወደ ማህላካ፣ በሽተኛ ወደሚተኛበት ክፍል ማለት ነው፣ መመለስ እንደማትችል ነገሯት። ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ካላገኘች ከሆስፒታሉ መውጣቷ ነበር።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ጊሎ ሰፈር ባለው ቤቴ አብረን ነው የምንኖር። ያን ሰሞን ፊቷን ማየት ይከብደኝ ነበር። የታጠበውን ሳህን ደግማ ታጥባለች፤ የታጠፈውን ልብስ ፈትታ ታጥፋለች። እጅ የለመደውን ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እኔም እዚህ እስራኤል አገር ስመጣ እርፍ የያዘ እጄ መጥረጊያ ይዞ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ውስጥ የጎመን ቅጠል ሲጠርግ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ነው ስለ ትምህርቱ የሰማችው። ሆስፒታሉ እንደ እሷ የተጎዱ ነርሶችን ለበሽታ ቁጥር መስጠት ሊያስተምር ነው አሉ። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲወጣ መዝገቡ ይቀራል። አንድ ሰው ተቀምጦ ያን መዝገብ ከላይ እስከ ታች ያነብና ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ይሰጠዋል። ስኳሩ ቁጥር አለው፤ ደም ግፊቱ አለው፤ ከደረጃ መውደቅ፣ በውሻ መነከስ ሳይቀር አለው።

«ታዲያ ለበሽታም መታወቂያ አወጡለት በይኛ!» አልኋት።

«አዎ አባዬ፤ ስንመጣ እኛን አውሮፕላን ጣቢያ ላይ እንዳደረጉን።»

«ልደቱንስ? እንደ እኔ የፈረንጅ ዓመት መጀመሪያ ቀን ብለው ጻፉለት?»

ወገቧን ካመማት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያለፈች ምስክር ወረቀት ይዛ ወንበር ታገኛለች፣ የወደቀች ቤቷ ትገባለች።

የሚማሩት ሃነቪኢም መንገድ ላይ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር። መጽሐፉ እንደ ወፍጮ መጅ ይከብዳል፣ እሷ ደግሞ ከባድ ተከልክላለች፤ ስለዚህ ቦርሳዋን ተሸክሜ አብሬያት እሄዳለሁ። እስክትወጣ እዚያው አጠገብ ካለው ኢትዮጵያ መንገድ ገብቼ ከሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጥላ ይዤ እቀመጣለሁ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ግን ከአጥሩ ወዲያ አማርኛ ይሰማል፣ እሱ ይበቃኝ ነበር።

አብራት የምትማር አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች፤ የጎንደሬዎች ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፤ እሷ የተጎዳችው ትከሻዋን ነው። ግማሽ አማርኛዋ እብራይስጥ ነው፤ አንተና አንቱ አትለይም። እኔን ሳባ ትለኛለች፣ አያት ማለቷ ነው።

«ሳባ፣ ልጅህ ዛሬም ተሳሳተች!» ትላለች ገና ከበሩ ስትወጣ።

«ምን አድርጋ?»

«ያልተጻፈ አነበበች።»

ችግራቸው ነርስነታቸው ነበር። ልጄ መዝገብ ላይ የመድኃኒቱን ስም ስታይ በሽታውን ታውቀዋለች፤ ሃያ ዓመት አይታዋለቻ! ቁጥሩን ትጽፋለች፤ አስተማሪዋ በቀይ ትሰርዝባታለች። ሐኪሙ በራሱ ቃል ካልጻፈው በሽታው የለም። ብታውቂውም የለም።

«ሰውዬው ዓይኔ እያየ እየሞተ የለም ልበል?» አለች አንድ ቀን ተናዳ።

«በያ! ለፈተናው ብቻ ነው!» አለቻት ወጣቷ።

ቤት ስንገባ ደግሞ አስተማሪዋ እኔ ነበርሁ። በልጅነቴ ትምህርት ቤት አልሄድሁም፤ ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው ፊደል የቆጠርሁ። እሷም ይህን ስለምታውቅ ካርዶች ሠራችልኝ፤ ከፊት ፊደልና ቁጥር፣ ከኋላ የበሽታው ስም በአማርኛ። እኔ ፊቱን አሳያታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ ጀርባውን አንብቤ አርማታለሁ። የእሷን ፊደል ስሙን ባላውቀውም መልኩን ለመድሁት። አንደኛው ፊደል ቁርጥ ማጭድ ነው። ስሙን ቤታችን የማንጠራው በሽታ የሚጀምረው በዚያ ፊደል ነው። ልጄ ስሙን መስማት እንደማልወድ ስለምታውቅ ከማጭዶቹ ጀርባ «ያ ነገር፣ ሳንባ»፣ «ያ ነገር፣ ጡት»፣ «ያ ነገር፣ ጨጓራ» ብላ ጻፈች።

ፈተናው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ሆዴ እህል እምቢ አለኝ። ሐኪሜ ለምርመራ ላከኝ፤ በጉሮሮ ቱቦ የሚከቱበት ነው። ልጄ ልምጣ ብትል «ከትምህርትሽ አትቅሪ» ብዬ ጎረቤት ይዤ ሄድሁ። ውጤቱን ግን ብቻዬን ነው የተቀበልሁት። ጸሐፊዋ የታሸገ ፖስታ ሰጥታኝ ለኩፓት ሆሊም፣ ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ሐኪሜ አድርስ አለች፤ ቀጥላም ሌላ ነገር ተናገረች፣ ግማሹ አልገባኝም። «ባሴደር» አልኋት። እሺ፣ ደህና ነው ማለት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያልገባኝን ነገር ሁሉ በዚያች ቃል አልፌዋለሁ።

ከዚያ ልጄን ልጠብቅ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ሄድሁ። ለምን እንደከፈትሁት አላውቅም፤ ማንበብ እንደማልችል አውቃለሁ። እብራይስጡ ለእኔ ዝም ያለ አጥር ነው። ከአጥሩ መካከል ግን የማውቃት አንዲት ነገር ነበረች፤ ማጭዷ፣ ከጎኗ ሁለት ቁጥር፣ ነጥብ፣ አንድ ቁጥር። ጀርባውን ማየት አላስፈለገኝም። ያን ካርድ በገዛ እጄ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ!

አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ከበሩ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አባት፣ ምነው? ላብ አጠመቀዎት እኮ።»

«ፀሐዩ ነው አባ።»

«ጥላ ላይ ነዎት» አሉኝ። ከዚያ «እግዜር ያበርታዎ» ብለው ሄዱ።

ፈተናው አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔ ያደግሁበት አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ቆላ ወርጄ አጨዳ ላይ ነበርሁ። አብረውኝ ያጭዱ የነበሩት ዘመዶቼ ሰምተዋል። ሰምተው አብረውኝ በሉ፣ አብረውኝ ሣቁ። አጨዳው አልቆ ቤቴ ስገባ ነው ሽማግሌ ሰብስበው በማለዳ የነገሩኝ። አልተቀየምኋቸውም። እንዲያውም ያን ሁሉ ቀን ሸክሜን ተሸከሙልኝ ብዬ ነው የማስበው። እንግዲህ ልጄም አጨዳ ላይ ናት አልሁ። ትጨርስና ትስማ።

ያን ዕለት «ውጤቱስ?» ስትለኝ «ቁስለት ነው አሉ፣ ባሴደር ነው» አልኋት። ቦርሳዋን ተቀብያት ወደ አውቶቡሱ ሄድን።

ፖስታውን ከካፖርቴ የውስጥ ኪስ ከተትሁት። ሰውነቴ ሲቀንስ እንዳታይ ከሹራቤ ሥር ሁለት ሸሚዝ፣ ኋላም ሦስት መልበስ ጀመርሁ። ከኩፓት ሆሊም እሷ በሌለችበት ሁለት ጊዜ ተደወለ፤ ሴትዮዋ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ እኔ «ባሴደር፣ ባሴደር» እላለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ቤቱ ሲጠብበኝ ይታወቀኛል። ልጄ ከመጽሐፉ ቀና ብላ ዓይኗ ሲያርፍብኝ ውኃ ልጠጣ ብዬ እነሣለሁ።

ያችን ካርድ ማንሣት ግን ከበደኝ። የካርዷን ፊት ሳሳያት እየሳቀች «ያ ነገር፣ ጨጓራ!» ትላለች፣ ትክክል መሆኗን ደግሞ እኔ ነኝ የምነግራት። አንድ ቀን ካርዷን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኋት። እሷ ቁጥሩን እንጂ እጄን አላየችም። በማግስቱ ካርዷን ከመሀል አወጣሁና ከፖስታው ጋር አስቀመጥኋት።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ወጣቷ ነርስ እኛ ቤት መጥታ አብረው ሲያጠኑ ልጄ ካርዶቹን መቁጠር ጀመረች። ድሮ ቀዶ ጥገና ክፍል ሠርታለች፤ እዚያ መቀሱም ጨርቁም ካልተቆጠረ ሰው አይሰፋም።

«አባዬ፣ አንዷ የለችም።»

«ከሶፋው ሥር ገብታ ይሆናል።»

«ዲ፣ በቃ! አንድ ካርድ ምን ያደርግልሻል?» አለች ወጣቷ።

ልጄ አልሰማቻትም። ማጭዶቹን ብቻ ለይታ በቁጥራቸው ተራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ምላስ። ጉሮሮ። ከጉሮሮው ቀጥሎ ባዶ ቦታ ተወች። ከዚያ አንጀት። ባዶ ቦታውን አየችው። ቀና ብላ ደግሞ እኔን አየች፤ አንገቴን፣ ከዚያም ኮሌታዬን።

«ስንት ሸሚዝ ነው የለበሱት?» አለችኝ።

የሹራቤን አንገት ወደ ላይ ሳብሁ።

«አባዬ፣ ፖስታው የት አለ?»

ተነሥቼ አመጣሁላት። ቆማ አነበበችው፣ ገለበጠችው፣ ደግማ አነበበችው። ከታች በሰባት ቀን ውስጥ ይምጣ የሚል ተጽፎበት ኖሯል። ጸሐፊዋ የነገረችኝ፣ በስልክም ሁለት ጊዜ የተነገረኝ እሱ ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ያወቅሁት አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር ብቻ ነበር፤ ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር ያለም አልመሰለኝ።

«አሥራ አራት ቀን» አለች።

«ፈተናሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ።»

«ማን ጠየቀዎት?»

እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም። ወጣቷ አፏን በእጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ልጄ እሑድ ጠዋት ስልክ ይዛ ተቀመጠች። የምታውቀውን ሁሉ ለምና ቀጠሮ አገኘች። ቀጠሮው የፈተናው ዕለት ጠዋት ሆነ፤ በዚያው ሰዓት። ሌላ ቀን ከተባለ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ወጣቷ የምትፈተነው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ተራ እንለዋወጥ ብለው ጠየቁ፤ አይሆንም ተባሉ።

«ፈተናው ይቅር» አለች ልጄ።

«ካልተፈተንሽ እኔም አልሄድም።»

«አባዬ፣ ይህ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድሁም። ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

በዕድሜዬ ልጄን ያስፈራራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እንደማደርገው አውቃለች። ማምሻውን ወጣቷ «ሳባን እኔ እወስደዋለሁ» አለች።

በዕለቱ ልጄ ወደ ሃነቪኢም ሄደች፣ እኔና ወጣቷ ወደ ሆስፒታል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ወረቀቱን አይቶ መቼ እንደተቀበልሁት ጠየቀኝ። ቀኑን ለራሴ ቆጥሬዋለሁና «አሥራ ስምንት ቀን» አልሁ፤ ወጣቷ በእብራይስጥ ነገረችው። መጻፉን አቆመ። ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። እሷ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልዞረችም።

«ምን አለ?»

«ልጅህ ትምጣ አለ።»

«ያን ሁሉ ተናግሮ?»

«ሳባ፣ ቃሉን በአማርኛ አላውቀውም» አለች። ቃሉን እንደምታውቀው እኔም አውቃለሁ፤ ካርዶቹን አብራ አጥንታለች።

ልጄ በቀትር ከፈተናው ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን አገኘችን። «እንዴት ሆነልሽ?» አልኋት። «ጨረስሁት» አለችና ወደ ሐኪሙ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው።

አለፈች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ውጤቱ የመጣው፣ እኔ ሆዴን ተቀድጄ በተኛሁበት። ዛሬ መስኮት አጠገብ ወንበር አላት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መዝገብ ታነባለች፣ ያልተጻፈውን ትታ የተጻፈውን ብቻ እየለየች ቁጥር ትሰጣለች። እጇ ሥራ አገኘ። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ዛሬም ቢሆን ደስ ይለኛል። ስለዚያ አሥራ ስምንት ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «መዝገቡ ላይ አልተጻፈም» አለችኝ።

አሁንም በየጊዜው እመረመራለሁ። ፖስታ ሲመጣ ሳልከፍት እሰጣታለሁ፤ የተስማማነው እንዲያ ነው። ቆማ ታነበዋለች። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ እሷ ግን ለአንድ ገጽ ከሚበቃው በላይ ትቆያለች። ከዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተውና «ባሴደር ነው አባዬ፤ ይብሉ እንጂ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንትም እንዲያው አለችኝ። እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። እንዴት ብዬ እጠይቃታለሁ? ማንኪያውን አንሥቼ በላሁ።